ኦሪጅናሉን የመለሰው ሰው

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የጋለ ቫርኒሽና የተጠበሰ አቧራ ሽታ ነው። «አቁም! አቁም እባክህ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘና «አባባ፣ መናኸሪያ ያሉኝ መስሎኝ፤ ገና ነን እኮ» አለኝ። «እኔን ተወኝ፣ ዘፈንህን አጥፋው፣ ማጉያህ ሊቃጠልብህ ነው» አልኩት። ከወንበሩ ሥር እጁን ሰዶ ዕቃውን ሲነካው «ኡፍ!» ብሎ ጣቱን መለሰ። ከዚያ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምነው አባባ፣ ጠንቋይ ኖት እንዴ?» አለኝ። እኔ ጴንጤ ሰው ነኝ፣ ጠንቋይ ተብዬ አላውቅም። ሌባ ግን ተብያለሁ፤ እሱም በዚሁ በመኪና ማጉያ ምክንያት ነው። ሳቄ መጣና ሒሳቤን ሰጥቼው ወረድኩ፤ የቀረውን መንገድ በእግሬ አዘገምኩት።

የሄድኩት በድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። የዛሬ ሰው አዲሱን ነው የሚያውቀው፤ በእኛ ጊዜ አውሮፕላኑ የሚያርፈው እዚሁ ከተማው መሐል፣ ሣሩ ላይ ነበር። ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ከብቱን ሊያባርር ይሮጣል፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል፣ ኳስ የሚጫወተውም ይመለሳል። እኔ ከሳውላ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክሜ ጂንካ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። መንግሥት ተለውጦ ሰዉ ገና አዲሱን ነገር ይለማመድ ነበር፤ ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወውና እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። በሃምሳ ሳንቲም አንድ እቅፍ አቮካዶ ይገዛ ነበር። ካሴት ስምንት ብር ነበር፤ የተቀዳው ደግሞ አምስት፣ ያውም ከጀርባው ሌላ ዘፈን ተጨምሮበት። ወንዱ ሰፊ ሱሪና የጅንስ ጃኬት፣ እግሩ ላይ ግን ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ለጫማ የሚተርፍ አልነበረማ! መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ስለሆነ ቀን የምሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ መበየጃዬን የማግለው በከሰል ነው። ዛሬ ከሰል ሲቀጣጠል ባሸተትኩ ቁጥር ከኋላው የሚቀልጥ የመበየጃ ሊድ ሽታ የሚመጣ ይመስለኛል፤ አይመጣም።

ሱቄ ሱቅ አትባልም ነበር። ከገበያው ወደ ማረፊያው በሚወስደው ማዕዘን ላይ የልብስ ሰፊው የጋሽ ጋርሾ በረንዳ ነበረች፤ የእሷን ግማሽ ነው የያዝኩት። ጋሽ ጋርሾ የአሪ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ እግሩ ከስፌት መኪናው ላይ የማይነሳ። እሱ ሲሰፋ እኔ ስበይድ፣ በመሐላችን አንድ ሬዲዮ ሲዘፍን፣ ቀኑ እንዲያ ያልፍ ነበር። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ምን የማይመጣ ነበር? እኔ ደግሞ ኩራተኛ ነበርኩ፤ አልዋሽም። «ዕቃው ይምጣልኝ» ነበር ቃሌ። ከወንበሬ ተነስቼ የማንንም ዕቃ ባለበት ቦታ ሄጄ ማየት ውርደት ይመስለኝ ነበር። ይህች ኩራቴ ናት ጉድ ያፈላችብኝ።

አሁን ስለ ጋሽ ደምሴ ልንገራችሁ። አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ድምፃቸው ሦስተኛው ሰፈር የሚሰማ፣ ረጅም ነጋዴ ነበሩ። አንድ አይሱዙ ነበረቻቸው፤ ለሾፌር አያምኗትም፣ ራሳቸው ነበሩ የሚነዷት። ጨው፣ ሸቀጥና የቡና ገለባ ጭነው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ። ከዚያ ማርና ቅቤ፣ ፍየልም ጭነው ይመለሳሉ። ታዲያ የእሳቸው ንግድ የሚጀምረው ከመድረሳቸው በፊት ነው። የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ሁለት ስፒከር ተክለዋል፤ ገበያው ሊታያቸው ሲል ዘፈኑን ይለቁታል። ሐመሩ፣ በናው፣ ፀማዩ ያንን ድምፅ ሲሰማ «ደምሴ መጣ» ይላል፤ ቅቤውን ለሌላ ሊሸጥ የነበረውም እጁን ይሰበስባል። ይህን ሁሉ የሚያስጮኸው ከአዲስ አበባ በስንት መከራ ያስመጡት የመኪና ማጉያ ነው፤ ከጋቢናው ከወንበሩ ኋላ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። «ኦሪጅናል ነው!» ይሉ ነበር። ሰው ጠየቃቸውም አልጠየቃቸው፣ ኦሪጅናል ነው።

ልጃቸው የሺ ነበረች። ነበረች እላለሁ እንዴ፣ አሁንም ጓዳ ውስጥ ሆና «ማነው ከራሱ ጋር የሚያወራው?» ትለኛለች! የሺን ያወቅኳት የእናቷን ሬዲዮ ይዛ ስትመጣ ነው። የሬዲዮው ችግር አንዲት የላላች ሽቦ ነበረች፤ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን አራት ቀን አመላለስኳት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በአራተኛው ቀን «አልገባህም ወይስ ገብቶሃል?» አለችኝ፣ ዓይኔን ትክ ብላ አይታ። ጋሽ ጋርሾ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀ። የሺ በዳንቴል ሥራ ጂንካ ውስጥ አንደኛ ነበረች። ያን ጊዜ መኪና ያለ ዳንቴል መኪና አይባልም፤ የወንበሩ ራስ፣ የመሪው ፊት፣ የመስታወቱ ዙሪያ፣ ሁሉም ነጭ አበባ በአበባ ነው። የጋሽ ደምሴ አይሱዙ ጋቢና ደግሞ የሙሽራ ቤት ነበር የሚመስለው። አባት ልጃቸውን አደባባይ ወጥተው አያወድሱም፤ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ ጋቢናውን ከፍተው «እይማ፣ ይህን እይ፣ ሙያ ማለት ይህ ነው» ይሉ ነበር። የልጅቷ ሙያ የቤቱ ክብር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ገና ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ጋሽ ደምሴ ማጉያውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። «ጂንካ ይዘፍናል፣ ቀይ አፈርን አልፈን ቆላ ስንገባ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ምን ያለው ዕቃ ነው?» አሉኝ። ፈታሁት። ውስጡ ንጹህ ነው። ፊውዙ ደህና ነው። ከባትሪ ጋር አያይዤ ከጠዋት እስከ ማታ አስጮህኩት፤ ምንም። የመንገዱ መንቀጥቀጥ አላልቶት ይሆናል ብዬ ብየዳውን በሙሉ ደገምኩት። ወሰዱት። በሳምንቱ መልሰው አመጡት፤ አሁንም ቆላ ላይ ዝም ብሏል። ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ ዝጎ ይሆናል ብዬ አዲስ ሽቦ ሰጠኋቸው፤ የታሰረበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እንዲፍቁት ነገርኳቸው። በሦስተኛው አንድ የተጠራጠርኩትን ዕቃ ቀየርኩ። እሱም አልሆነ። እኔ ጋ ሲሆን እንደ ወፍ ይዘምራል፣ እሳቸው ጋ ሲሆን ይሞታል። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ እላችኋለሁ፤ ዕቃ እንዲህ አፍጦ ዋሽቶኝ አያውቅም።

እሳቸው ግን መልሱን አገኙ። አንድ ቀን ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት በረንዳው ፊት ቆመው «አንተ ሰውዬ!» አሉ፣ በዚያ ድምፃቸው። «ኦሪጅናሉን አውጥተህ አሮጌ ከተህበታል! ዕቃዬን መልስ!» ዓይኔ ደም ለበሰ። እኔም የዋዛ አልነበርኩም፤ «እኔ ሌባ አይደለሁም! ቢቸግሮት ሌላ ቦታ ይሂዱ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ቦታ የት አለና? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሬዲዮውን ሲያመጣልኝ ሆድ ዕቃውን ፈቶ፣ እንዳልለውጥበት እያንዳንዷን ፍሬ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጎባት ሆነ። ዕቃው ተከፍቶ ሲታይ ኩፍኝ የወጣበት ይመስል ነበር። ዛሬ ስናገረው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን አንዷን ቀይ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ፊቴ እሳት ይሆን ነበር።

የባሰው ምን መሰላችሁ? እኔና የሺ በልብ ተስማምተን፣ ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጬ ነበር። ጋሽ ጋርሾንና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችንን ታላላቆች ለምኜ ላክኋቸው። ጋሽ ደምሴ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ሰውየው ጴንጤ ነው፣ እኛ ማርያምን የምንል ነን፤ እሱን ቀስ ብለን እንነጋገርበት ይሆናል። የመጣው ከሳውላ ነው፤ እሱም አያጣላንም። ግን እናንተ ሰዎች፣ ማጉያዬን ያላመንኩትን ሰው ልጄን እንዴት አምነዋለሁ?» ጋሽ ጋርሾ ይህን መጥቶ ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። የሺን ላጣት ነው፤ ያውም ባልሠራሁት።

በማግስቱ እሳቸው ቤት ሄድኩ። አጥሩ በር ላይ ቆሜ «ጋሽ ደምሴ! ቅዳሜ ዲመካ አብሬዎት እሄዳለሁ። ዓይኔ እያየ ይጥፋ። ምክንያቱን ካላገኘሁ ሣጥኔን ተሸክሜ ሳውላ እመለሳለሁ፤ ልጅዎንም አልጠይቅም» አልኳቸው። አዩኝና «ና፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። ማጉያው ቦታው ላይ ተቀምጧል። የሺ አንድ ነገር በክንዷ ላይ አድርጋ ከቤት ወጣች፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ። ለካ ማጉያውም የራሱ ልብስ አለው! ከላይ ነጭ ዳንቴል፣ ከሥሩ ገበሩ ወፍራም ቀይ ከፋይ ጨርቅ፣ አበቦቹ ቀዩ ላይ ቁልጭ ብለው እንዲታዩ። በአራቱም ማዕዘን ጥብጣብ አለው። በዚያ በጋ መጀመሪያ ነው የሠራችው። «እኔ ጋ ሲመጣ ይህን አይቼው አላውቅም» አልኩ። ጋሽ ደምሴ ተቆጡ። «ታዲያ የልጄን ሥራ ያንተ ከሰልና ሊድ እንዲነካው ነው? ማጉያው ወደ አንተ ሲመጣ ልብሱን አውልቄ ለእሷ እሰጣታለሁ፣ ታጥበዋለች» አሉ። እኔ ምን አሰብኩ? ምንም! እንዴት ያምራል ብዬ ነው ያሰብኩት። የሺ «ጥብጣቡን ጠበቅ አድርገህ እሰርልኝ» አለችኝ፤ እጇ እጄን ነካው፤ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላት። የጂንካ አንደኛ ጠጋኝ በገዛ እጁ!

ጭነቱ ላይ ተሳፋሪው ሞላ፤ ሄድን። ዘፈኑ ይፈሳል። ያ መንገድ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ የጂንካ አረንጓዴ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄዶ አፈሩ ቀይ ሲሆን፣ ከዚያ ግራሩና እሾሁ ሲጀምር፣ በክፍቱ መስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ያህል ሲሞቅ። ቀይ አፈርን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ዘፈኑ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ጋሽ ደምሴ ፍሬን ይዘው መሪውን በመዳፋቸው መቱት። «ይኸው! ይኸው ኦሪጅናሉ! ሰማህ?» ከላይ ጭነቱ ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ጋቢናው አሰገጉ። ጋሽ ደምሴ የጀሪካኑን ውሃ ይዘው ለራዲያተሩ ሊጨምሩ ወረዱ፤ እኔ ዞሬ ጥብጣቡን ፈታሁና እጄን ከዳንቴሉ ሥር ሰደድኩ።

ተቃጠልኩ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ማጉያ ሲሠራ ይግላል፤ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀው ብረት ሙቀቱን የሚያወጣበት ነው። ከልክ በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። የሺ በከፋይ ጠቅልላ አፍናዋለች። ጂንካ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከፋዩን ይችለዋል፤ ቆላ ሲወርድ አይችለውም። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ ራቁቱን ነው፤ ምን ሆኖ ይታመማል? «አገኘሁት!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ቀረሁ። ጭነቱ ላይ ሃያ ሰው አለ፤ ከሃያው ውስጥ ደግሞ ምላስ የሌለው አንድም የለም። ማታውኑ ጂንካ «የደምሴ ልጅ በዳንቴሏ የአባቷን ማጉያ አነቀችው» ተብሎ ይሳቃል። እንዲያ ሙያዋ የሚወራላት ልጅ የገበያ መሳለቂያ ልትሆን ነው፤ ያውም በእኔ አፍ። ምን ቆርጦኝ!

አልተናገርኩም። ልብሱን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ዝም ብዬ እንዳልታይ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ክዳኑን ፈታሁ፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ አጎንብሼ፣ አንዳንድ ነገር እየነካካሁ በወረቀት አራገብኩት። ክዳኑን መልሼ ሳጥብቅ ቀዝቅዞ ተነሳ፣ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። ላዩ ላይ ያሉት አጨበጨቡ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ መቼ እንደመጡ አላወቅኩም። «ልብሱን ላሁኑ ልተወው፣ ልከታተለው» አልኳቸው። ገብተው መሪያቸውን ያዙ። ዲመካ ዘፈነ። እዚያ ዋለ። ስንመለስም እስከ ቀይ አፈር አንድ ጊዜ እንኳን አልተቋረጠም። እኔም ለየሺ ብቻዋን እነግራታለሁ፣ ዘዴ እንፈልጋለን፣ ነገሩ አበቃ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጂንካ ልንገባ ስንል ጋሽ ደምሴ መኪናዋን ዳር አስያዟት። ሞተሩን አላጠፉም፤ ዘፈኑን ግን ዝቅ አደረጉት። ያ የሚያስተጋባ ድምፃቸው የት እንደገባ እንጃ፣ በቀስታ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ መለስከው፣ አይደል?»

«ምኑን?» አልኩ።

«አጎንብሰህ ስትከተው አይቻለሁ። ኦሪጅናሉን። ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ነው የመጣኸው። ስንት ሳምንት እምቢ ያለ ዕቃ በሩብ ሰዓት ውስጥ በምን ዳነ?»

ጭኔ ላይ የተጣጠፈው ዳንቴል አለ፤ ልናገር ብል መልሱ እሱ ነው። እሳቸው ቀጠሉ፤ «አትፈር። ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። እኔ የሰረቀ ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ የመለሰ ግን ካንተ በቀር አላየሁም። እኔ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ወጥተህ የመለስከው ለልጄ ብለህ ነው። ይህ ልብ ያለው ሰው ልጄን አይጥልም። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።» እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከባድ እጅ ነበር። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፣ ለአምስት ሳንቲም ጉዳይ ከገበያ ጋር የምጣላ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጥርሴን ነክሼ የፊት መስታወቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ደግሞ ቃል ሆነ። «ጎሽ» አሉና ማርሽ አስገቡ።

ለየሺ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ሙያዬን ነው እንዴ የምትነቅፈው?» አለች። ከዚያ የቃጠሎውን ምልክት መዳፌ ላይ ስታይ ተቀመጠች። አልቅሳ ስታበቃ ገበሩን ተርትራ አወጣችው፤ ዳንቴሉንም ጎኑና ጀርባው እንዳይሸፈን አሳጠረችው። ማጉያው ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልታመመም። «ለአባዬ ልንገረው» አለችኝ። «አሁን አይሆንም፣ ከሠርጉ በኋላ» አልኳት። ሠርጉ ሆነ፤ ከእሷም ወገን ከእኔም ወገን በሃይማኖቱ ያኮረፈ ነበር፣ የበላም ነበር፣ አልፏል። ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያዋን ልጃችንን አረገዘች፤ «አራስነቱ ይለፍ» ተባለ። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። እንዲያ እንዲያ ስንል ዓመታት አለፉ።

ጋሽ ደምሴ ግን ዝም አላሉም! ታሪኩን ወደዱት። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሲቀመጡ፣ የተጣላ ወንድማማች ሲገላግሉ፣ «የእኔን አማች ማቴዎስን እዩ፤ ሰርቆ መለሰ፤ ይኸው ዛሬ ከልጄ እኩል ነው» ይላሉ። በፍቅር ነው የሚሉት፣ በኩራት! እኔ እዚያው ተቀምጬ ጆሮዬ ይግላል። አንድ ጊዜ ጋዘር ለለቅሶ ሄደን፣ የማላውቀው ሽማግሌ እጄን ጨብጦ «ኦሪጅናሉን የመለስከው አንተ ነህ? እግዚአብሔር ይባርክህ» አለኝ። እቤት ስገባ የሺ ላይ ጮህኩ። «ስሜን መልሺልኝ! በእግዜር ስሜን መልሺልኝ!» እሷም «አንተ አይደለህ ቆይ ያልከው?» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። የሚገርመው ሥራዬ አልቀነሰም፤ ሰው ከማያውቀው ጠጋኝ ይልቅ መመለስ የሚያውቀውን መረጠ መሰለኝ። ቀይ ነጥቡም ቀስ በቀስ ቀረ። በኋላ ካሴቱ ሄደ፣ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሄደ፣ ፍላሽ መጣ። አይሱዙዋም ተሸጠች። የእኔ ስም ብቻ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ደምሴ አልጋ ላይ የዋሉት ካረጁ በኋላ ነው። ያ ቁመት አልጋው ላይ አልቆ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የሺን በረንዳው ላይ ያዝኳት። «እሳቸው ሳያውቁ ካለፉ ከማን ጋር እከራከራለሁ? ዛሬ ትነግሪያቸዋለሽ» አልኳት። ዓይኖቿን ጠራርጋ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። 

«አባዬ» አለች፣ «አንድ ነገር አለ። ያ ማጉያ ያኔ የተበላሸው በእኔ ነው። ማቴ አልሰረቀም። ያለበስኩት ከፋይ ነው አፍኖት ያጠፋው የነበረው። ማቴ መንገድ ላይ ደርሶበት፣ እንዳይሳቅብኝ ብሎ ዝም አለ። ምንም አልወሰደም፣ ምንም አልመለሰም።»

አልሰሙም ብዬ ሳስብ ፈገግ አሉ። እጇን ፈልገው እጃቸውን አኖሩባት። «ለባልሽ ብለሽ ነው» አሉ። «ጎሽ የእኔ ልጅ። ጥሩ ሚስት እንዲህ ናት፣ የባሏን ጥፋት በራሷ ታደርጋለች።»

«አባዬ፣ እውነቴን ነው! ማርያምን!»

«አትማዪ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲከብደው ኖሯል ማለት ነው? ምስኪን። ጥሪልኝ።»

ገባሁ። ምን ልላቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት አብላልቼዋለሁ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ገበሩ፣ በሥዕል ሁሉ ላስረዳቸው ነበር። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው አያይም፣ በድምፄ አቅጣጫ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ቀሎ ነበር። «ማቴዎስ፣ ልጄ፣ እኔ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ነው ይቅር ያልኩህ። አሁንም በሙሉ ልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። ሸክሙን አውርድ» አሉኝ።

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ይቅር ስላሉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ እያጠራቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ከክፍሉ ስንወጣ የሺ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ተቆጥታለችም። «ሃያ ዓመት ስሜን ስሜን ስትል ኖረህ! አሁን አፍ አውጥቼ ስናገርልህ አንተው ገብተህ ሌባ ነኝ ትላለህ? ለምን?» አለችኝ።

«የሺ» አልኳት፣ «እጃቸውን አላየሽም? ከዚያ ይቅርታ ሌላ የሚሰጡኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።»